የወንጀል ብዛት በፖሊስ መዝገብና በተጎጂዎች ጥናት

በአምቦ ገበያ ስልኩን የተሰረቀ ነዋሪ ለፖሊስ ካላመለከተ፣ ስርቆቱ በከተማዋ የወንጀል ቁጥር ውስጥ አይገባም። በጌዶ ወይም በጀልዱ አካባቢ በሬው በሌሊት የተነዳበት አርሶ አደርም ጉዳዩን በጃርሱማ፣ ማለትም በአገር ሽማግሌዎች፣ ጨርሶ ካሳ ከተቀበለ ወንጀሉ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። የጣቢያው ርቀት፣ የሥራ ቀን መባከንና የበቀል ስጋትም ተጎጂዎችን ከማመልከት ያግዳሉ።

የወንጀል ተጎጂዎች ጥናት ይህን ክፍተት ለመለካት የሚያገለግል ዘዴ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች በናሙና የተመረጡ ቤተሰቦችን ባለፉት 12 ወራት ምን ወንጀል እንደደረሰባቸውና ለፖሊስ አመልክተው እንደሆነ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ከ50 ዓመታት በላይ ሲካሄድ የቆየው እንዲህ ያለ ጥናት፣ ከኃይል ወንጀሎች ለፖሊስ የሚደርሱት ከግማሽ እንደሚያንሱ ያሳያል።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመጀመሪያ ጊዜ አካቷል። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች መካከል 66 በመቶ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ቀበሌ በዓመት 20 የከብት ስርቆቶች ተፈጽመው 8ቱ ብቻ ለፖሊስ ደረሱ እንበል። በቀጣዩ ዓመት በአቅራቢያው የፖሊስ ጣቢያ ተከፍቶ ከ20ዎቹ ስርቆቶች 14ቱ ቢመዘገቡ፣ መዝገቡ የ75 በመቶ ጭማሪ ያሳያል። የጨመረው ግን ስርቆቱ ሳይሆን ጥቆማው ነው።

ጥናቱም የራሱ ጉድለት አለው። የተገደለ ሰው ስለማይጠየቅ የግድያ ወንጀል የሚታወቀው ከመዝገብ ነው። ተጠያቂዎች ጊዜውን ሊዘነጉ ወይም በሌሎች ፊት ሊያፍሩ ይችላሉ፤ ትንሽ ናሙናም የአንዲትን ከተማ ትክክለኛ ገጽታ አያሳይም። ስለዚህ ሁለቱ መረጃዎች ተደጋጋፊ እንጂ ተተኪ አይደሉም።

የፖሊስ ኃይል የሚመደበው በአብዛኛው መዝገብ ታይቶ በመሆኑ፣ ያልተነገረ ወንጀል የጥበቃ ድርሻን ያሳጣል። በወንጀል ሕጉ መሠረት በተጎጂው አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ሊቀርቡ ይገባል።