የተወጋ ሲረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያባቶች ተረት። እኔ ግን የረሳ ተወጊ አውቃለሁ። ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ የእህቴ ልጅ በ9 ዓመቱ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ሽሮ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ቁጣና መዘንጋት ግን አብረውት አደጉ። «ምን ሆንክ?» ስንለው «ምንም አልሆንኩም» ይለናል። ዋሾ አልነው፤ ባለጌም አልነው።

ለዚህ ነገር ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ፓሪስ ላይ፣ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ሳለ ሽባነታቸውን የማያውቁ ሕሙማንን ገልጦ «አኖሶግኖሲያ» አለው፤ ሕመምን አለማወቅ ማለት ነው። ሰዎቹ አልዋሹም፤ የተጎዳው ራሱ ጉዳቱን መታዘብ የነበረበት አንጎል ነውና።

የባቢንስኪ ሕሙማን አዋቂዎች ነበሩ። ሕፃንስ? እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የአዮዋ ተመራማሪዎች በ15 ወሯ ተሽከርካሪ የዳጣትን የአንዲት ወጣት ታሪክ አሳተሙ። በቀናት ውስጥ የዳነች መስላ ነበር፤ ተግሣጽም ቅጣትም እንደማይመልሳት የታየው በ3 ዓመቷ ነው። የግንባር አንጎል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይበስላልና፣ የልጅነት ጉዳት ዘግይቶ ይገለጣል። አዋቂ ዛሬውን ከትናንቱ ጋር ያስተያያል፤ ለልጅ ግን ያ ትናንት ገና አልጸናለትም።

ትናንቱን የሚጠብቁለት እናት፣ አያትና ጎረቤት ናቸው። እኛ ግን ጠባቂ መሆን ሲገባን ዳኛ ሆንበት።

የተወጋው ሲረሳ፣ ማስታወስ የኛ ዕዳ ነው።