ኪታቡን ያመነ ሰው ጭንቅላቱ ምን ሥራ ይቀረዋል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ነጃሺ መጻፍ ነበር። ስለ ነጃሺ ግን ብዙ ተጽፏል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀኝን ጥያቄ ለማንሳት ወሰንኩ። ልጁ፣ «ኡስታዝ፣ በኪታቡ ያለው ሁሉ እውነት ነው ብዬ ካመንኩ በኋላ ጭንቅላቴ ምን ሥራ ይቀረዋል?» አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ሰውም ይሰማን ነበር። «ይኼ ወስዋስ ነው፣ አዑዙ ቢላህ በል» ብዬ አሳለፍኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለጁምዓ ካልሆነ በቀር አላየሁትም።

እኔም ደረሳ ሳለሁ ሁለት ሐዲሶች የተጋጩ መስለውኝ ያቀሩኝ የነበሩትን ሸኽ ጠይቄ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ አላህ ይዘንላቸው። ከደረሳው መካከል አስነሥተው ሦስት ቀን ውኃ ቀጂ አደረጉኝ። ቅጣቱ ቀላል ነበር። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ለልጁ የሰጠሁት መልስ የዚያ ቅጣት ትርፍ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እንግዲህ በዚያች ምሽት ልነግረው ይገባኝ የነበረውን አሁን ለእናንተ እጽፋለሁ።

ከሰላ ድንጋይ ብርድ ተነሥታችሁ ወደ ምሥራቅ ገደሉን ብትወርዱ የምታገኙት ቆላ የይፋት አገር ነው። የወላስማዕ ሱልጣኖች ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የገዙት ይህን አገር ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የግብጹና የሻሙ ሊቅ አል-ዑመሪ የሐበሻን የሙስሊም መንግሥታት ሲቆጥር ይፋትን ይጠቅሳል፤ ይፋት ጀበራ ተብሎም ይጠራ ነበር። ጀበርቲ የሚለው ስም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ባሕር የሚወጡበት በር ደግሞ ዘይለዕ ነበረች። የዛሬ ታሪኬ የሚመለከተው ጀበርቲና ዘይለዒ ተብለው የሚጠሩ ሰዎችን ነው። የምናገረው ስለ ሩቅ አገር ሰዎች አይደለም ማለቴ ነው፤ ስማቸው ከዚህ ከገደሉ ሥር ይነሣል።

የመጀመሪያው ጀማሉዲን ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ናቸው፤ በ762 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1360) በካይሮ ሞቱ። መዝሀባቸው ሐነፊይ ነበር። በሐነፊዮች ዘንድ «አል-ሂዳያ» የሚባል ትልቅ የፊቅህ ኪታብ አለ፤ የዛሬ ደረሳም ያውቀዋል። የዚህ ኪታብ ጸሐፊ አል-መርጊናኒ ለፍርዶቹ ማስረጃ አድርገው ብዙ ሐዲሶችን ይጠቅሳሉ። ዘይለዒ ታዲያ «ነስቡ-ር-ራያህ» በሚባለው ሥራቸው እነዚህን ሐዲሶች አንድ በአንድ እያነሡ ከየት እንደ መጡ፣ ማን ከማን እንደ ሰማ፣ የቱ ጠንካራ የቱ ደካማ እንደ ሆነ መረመሩ። ፈልገው ያላገኙትን ሐዲስ ሲያጋጥማቸው «ገሪብ» ብለው ይጽፋሉ። በእርሳቸው አጻጻፍ «በዚህ ቃል አላገኘሁትም» ማለታቸው ነው። አስቡት፣ የገዛ መዝሀባቸው የሚመካበትን ኪታብ ነው እንዲህ የሚሉት። በዚህም አላበቁም፤ የተቃራኒዎቹን መዝሀቦች ማስረጃም ከነምንጩ ያስቀምጣሉ። አንባቢው ለማን እንደሚያደሉ እንኳ ለማወቅ እስኪቸገር ድረስ ሚዛኑን ይጠብቃሉ።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያው ዘመን ሻፊዒዩ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ የኢማም ገዛሊን «ኢሕያእ» ሐዲሶች ይመረምሩ ነበር። ሁለቱ ኪታቦችን አብረው እያገላበጡ ይረዳዱ እንደ ነበር ኢብን ሐጀር ጽፈዋል። ዛሬ በአንድ መስጊድ በቁኑትና በቢስሚላህ ድምፅ የሚጣሉ ወንድሞች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ዘይለዒ ይህን ያደረጉት እምነታቸው ስለ ጎደለ አልነበረም። የነቢዩን ቃል ከልብ የሚያምን ሰው ነቢዩ ያላሉት በስማቸው ሲነገር ዝም ማለት አይሆንለትም። ያላመነ ሰው ቢሆን ኖሮ የሐዲሱ ሰንሰለት ተበጠሰ አልተበጠሰ ምን ገዶት! ስለዚህ የምርመራው ጉልበት ከእምነቱ የመጣ ነበር።

አሁን ወደ ጀበርቲዎች ልሻገር። በአል-አዝሐር ከአገራችንና ከአካባቢዋ የሚሄዱ ደረሶች የሚያድሩበት «ሪዋቁል ጀበርት» የሚባል ክፍል ነበር። ከዚህ ሪዋቅ ጋር የተያያዘው ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ ዑለማእ አፍርቷል። ከእነርሱ አንዱ ሸኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1698–1774) ፈቂህም የሒሳብና የከዋክብት ሊቅም ነበሩ። ልጃቸው እንደ ጻፉት በ1159 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1746) ከአውሮፓ ተማሪዎች መጥተው ጂኦሜትሪ ተምረውባቸዋል። በካይሮ ሚዛኖች በተለያዩ ጊዜ ደግሞ ሸኹ የሚዛኑን መሣሪያ ራሳቸው መርምረው አስተካክለዋል። በሱረቱል ሙጦፊፊን ሚዛን አጉዳዮች ምን እንደሚጠብቃቸው ሁላችንም ቀርተናል። እኛ አንብበን እናለቅሳለን፤ እርሳቸው አንብበው ሚዛኑን አነሡ።

ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የግብጽ ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብጽን ሲይዝ ካይሮ ነበሩ። ፈረንሳዮቹ የሕዝቡን ልብ ለመሳብ በዐረብኛ ያወጡትን አዋጅ ጀበርቲ ቃል በቃል ሰንጥቀው የሰዋስው ስሕተቱንም ውሸቱንም አሳይተዋል። ሃይማኖት የለሽነታቸውን በብርቱ ነቅፈዋል። ነገር ግን ወደ ቤተ መጻሕፍታቸው ገብተው ሥዕሎቻቸውንና መሣሪያዎቻቸውን ተመልክተዋል፤ የኬሚስትሪ ሙከራቸውንም አይተው መደነቃቸውን ሳይደብቁ ጽፈዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ሱለይማን አል-ሐለቢ የሚባል ወጣት የፈረንሳዮቹን ጄኔራል ክሌበርን ገደለ። ፈረንሳዮቹ ገዳዩን እጅ ከፍንጅ ይዘው ሳለ ወዲያው አልገደሉትም፤ ጠየቁት፣ መረመሩት፣ ችሎት አቆሙለት፣ ከዚያ በኋላ ፈረዱበት። ቅጣቱ ጭካኔ የሞላበት ነበር። ጀበርቲ ግን የችሎቱን መዝገብ ሙሉውን በታሪካቸው ውስጥ አስገቡት። እስላም ነን እያሉ የሰው ነፍስ በፍላጎታቸው ብቻ የሚያጠፉትን ወታደሮች በኋላ አይተው ነበርና ሁለቱን አነጻጸሩ። የጠላትን ፍትሕ ለወገን መገሠጫ አድርጎ መጻፍ ለየትኛው ሰው ቀላል ነው?

ፈረንሳዮች ወጥተው ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ሲነግሥም ጀበርቲ ብዕራቸውን አላጠፉም፤ የፓሻውን ግፍ ጻፉ። ከዚህ የተነሣ ታሪካቸው በግብጽ ለረጅም ጊዜ እንዳይታተም ተከለከለ። ሙሉው በቡላቅ ማተሚያ ቤት የታተመው ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ባዕድን፣ ወገንን፣ ንጉሥን ሁሉንም የመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሐፈዙት ኪታብ ነበር።

እዚህ ላይ ያ ልጅ አጠገቤ ቢኖር «ኡስታዝ፣ እነዚህ ሁሉ ያሰቡት በአጥር ውስጥ ነው፤ አጥሩን ራሱን ማን መረመረው?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ዘይለዒ ሐዲስ መረመሩ እንጂ ነቢይነትን አልመረመሩም። ይህን ጥያቄ በሌላ ሰው ታሪክ ካልሆነ ልመልሰው አልችልም።

ኢማም ገዛሊ (ረ.ዐ.) የሕይወታቸውን ጉዞ በተረኩበት «አል-ሙንቂዝ» በሚባለው ኪታባቸው ውስጥ በወጣትነታቸው የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የእስላም ልጅ እስላም ሆኖ ሲያድግ አይተው፣ ከወላጅ በመውረስ ብቻ የተያዘ እምነት አልበቃቸው እንዳለ ይነግሩናል። ከዚያ ዓይናቸውን ተጠራጠሩ፣ ቀጥሎ አእምሯቸውን ተጠራጠሩ፤ ለሁለት ወር ያህልም በዚህ በሽታ ቆዩ። የዳኑት ማስረጃ ደርድረው ሳይሆን አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን መሆኑን ራሳቸው ይመሰክራሉ። በ488 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ደግሞ በባግዳድ የነበራቸውን ታላቅ የመምህርነት ወንበር ትተው ወጡ። ልብ በሉ፣ ገዛሊ በክርክር አሸንፌ አመንኩ አላሉም። አጥሩን ድረስ ሄደው ነኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የእጃቸው ሥራ አላደረጉትም። እኔም ለልጁ ከዚህ የበለጠ ልሰጠው አልችልም፤ አለኝ ብል ውሸት ይሆናል።

ግን መጠየቁን ወስዋስ ማለቴ ስሕተት ነበር። በሱረቱል በቀራህ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሙታንን እንዴት እንደሚያስነሣ እንዲያሳያቸው ጌታቸውን ጠየቁ። አላህም አላመንክምን ሲላቸው፣ ማመኑንስ አምኛለሁ፣ ልቤ እንዲረጋ ብዬ ነው አሉ። አልተቆጣቸውም፤ አራት ወፎች እንዲይዙ አዘዛቸው። በዚያው ሱራ አባቶቻችንን ያገኘንበትን መንገድ እንከተላለን የሚሉት ሰዎች፣ አባቶቻቸው የማያስተውሉ ቢሆኑስ ተብለው ይወቀሳሉ። እኔ ይህንን አንቀጽ ስንት ጊዜ በሶላት ቀርቼዋለሁ!

በአገራችን ይህን መንገድ ያቀለሉልንን ሁለት ሰዎች ሳላነሣ አላልፍም። ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ቁርኣንን ወደ አማርኛ መልሰው በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከዚያ በፊት ዐረብኛ ያልተማረ የሸዋ ወይም የወሎ ገበሬ ቁርኣንን የሚያውቀው በጆሮው ነበር፤ ትርጉሙን ሸኹ የነገሩትን ያህል ብቻ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ግን አማርኛ ማንበብ የቻለ ሁሉ አንቀጹን ከፍቶ «እዚህስ ላይ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቀን ይመጣል። ያ ልጅም የመጣው እንዲህ ነው፤ የአባቱን የአማርኛ ቁርኣን አንብቦ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ይማራል። ባለፈው ዒድ ሲመጣ በሩ ላይ አግኝቼው ያን ቀን የመለስኩለትን እንደማላምንበት ነገርኩት። ሳቀና፣ «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ። አልረሳውም። መጽሔቱ ሲወጣ አንድ ቅጂ እልክለታለሁ፤ ስለ አጥሩ ያለኝ ግማሽ መልስ መሆኑንም በዳርቻው ላይ በእጄ እጽፍለታለሁ።

ወሏሁ አዕለም።