ጭስ መውጫ አያጣም

ነገሩ የሆነው ክረምት ላይ ነው። እሁድ ጠዋት፤ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ድምፁ እስከ ሰፈራችን ይሰማል። የጓሮ ጎረቤታችን እትዬ (ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው) ማድቤታቸው ስለሚያፈስ ቡናቸውን እኛ ቤት ሊያፈሉ መጥተዋል። ከሰሉን በረንዳ ላይ እያራገቡ ነው። እኔ ደግሞ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ያለቀውን ቡታ ጋዝ በአዲስ ሲሊንደር እየቀየርኩ ነበር። ሬጉሌተሩ አልገባ አለኝ። ገፋሁት፣ አዞርኩት፣ ሰደብኩት፤ በመጨረሻ የገባ መሰለኝ። ቀጭን የሆነች "ሽ" የምትል ድምፅ ነበረች፤ እሷን ግን ዝናቡ ዋጣት።

እትዬ ከሰሉ ሲፈምላቸው ምድጃውን አንጠልጥለው ደፍ ላይ ደረሱና ቆም አሉ።

"ምንድነው እንዲህ የሚሸተው? የበሰበሰ ሽንኩርት አስቀምጣችኋል እንዴ?"

"ጋዝ ነው እትዬ፤ ስቀይር ትንሽ አምልጦኝ ነው። ይግቡ ግድ የለም፤ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። ጭስ መውጫ አያጣም!"

"እንዲህ በሚሸት ቤት ቡና አይፈላም" አሉና ምድጃቸውን ይዘው ተመለሱ።

እኔ በልቤ ቅር ተሰኝቼ ነበር። ቆይቶ ስለ ጋዝ ጠባይ ሳነብ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። የዚያን ቀን ቤተሰቤን ያተረፈው የእኔ ትምህርት ሳይሆን እትዬ ለቡና ያላቸው ክብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺ በኩራት የጠቀስኳት ተረት አልለቀቀችኝም። እውነት ጭስ መውጫ አያጣም? የትኛው ጭስ? ከየትኛው ቤት?

ተረቱን የተረቱት ሰዎች አልተሳሳቱም። እነሱ የኖሩት ሳር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። መሐል ላይ ሦስት ጉልቻ፣ ከሥሩ እንጨት ወይም ኩበት፣ ከላይ ሾጣጣ ጣሪያ። ጭሱ ትኩስ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳሩ ወንፊት ስለሆነ ቀስ እያለ ያሳልፈዋል። በጠዋት ከሩቅ ሲታይ ጎጆው ራሱ የሚጨስ ይመስላል። ጭሱ በመንገዱ ላይ ሥራ ይሠራል፤ ማገሩን በጥቀርሻ ይቀባል፣ ነፍሳቱን ያባርራል። ከሁሉም በላይ ግን ጭሱ ይናገራል። ሲበዛ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስነጥሳል፣ ከቤት ያስወጣል። (የናፍቆት መዝሙር እየዘመርኩ እንዳይመስላችሁ። ያ ጭስ የስንት እናት ዓይንና ሳምባ እንደጨረሰ ማንም ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። በአንድ ሌሊት ከመግደሉ በፊት ግን በር ያስከፍታል።)

አዲስ አበባ ራሷ የማገዶ ታሪክ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጫካ ወደ ምድጃና ወደ ቤት ማገር ገብቶ አለቀ። እንደ ጥንቱ ልማድ ቢሆን መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለምን ዋና ከተማ ሊያደርጉ አስበው ሕንፃ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ካለችበት እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ችግኙን በማስመጣት ስሙ የሚነሳው ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ቶሎ የሚያድግ፣ ቢቆርጡት የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ተገኘ፤ ከተማዋም ባለችበት ረጋች። ከዚያ ወዲህ እስከ እኛ ዕድሜ ድረስ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው እንደ ቀስት ጎብጦ የሚወርዱ እናቶች የዚህ ታሪክ ባለ ዕዳ ሆነው ኖሩ።

የእኛ አቃቂ ደግሞ ሌላ ጉድ አላት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ያልፍ የነበረው በእኛ በኩል ነው። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተሠራው በዚሁ በእኛው ወንዝ ላይ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት! ለዛሬ ሰው የሚያስቅ ቁጥር ነው፤ ያኔ ግን የከተማዋ መብራት ነበር። ማመንጫው አርጅቶ ለብዙ ዘመን ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። በግድቡ ዙሪያ ባለው የጤፍና የስንዴ ሜዳ ግን እናቶች ኩበት ጠፍጥፈው በግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ኖሩ። መብራቱ በራሳቸው ላይ አልፎ ሌላ ቦታ በራ እንጂ ወደ ምድጃቸው አልወረደም።

ወደ ምድጃው የወረደው ከሰል ነው። እዚህ ላይ ነው ተረቱ የከዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቱ ከመቀየሩ በፊት ቤቱ ተቀየረ። ሳሩ ሄደና ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮው ሌሊት ስለሚበርድ፣ ቀን ስለሚያቃጥል፣ ከሥሩ ኮርኒስ ተወጠረ፤ ያለው በአቡጀዲ፣ የሌለው በማዳበሪያ ከረጢት። የጭቃው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነፋስ እንዳያስገባ ጋዜጣ ተለጠፈበት (የእኔም ጽሑፎች ትልቁን አገልግሎት የሰጡት እዚያ ሳይሆን አይቀርም)። በሩ ሥር ጨርቅ ተወተፈ። ጭስ መውጫውን እኛው በእጃችን ደፈንነው ማለት ነው። ቤታችን ሞቀ፤ ደስም አለን። ከዚያ የከሰል ምድጃ አስገባን። "ከፈመ በኋላ ምንም አያደርግም" እየተባለ ስንት ቤት ማታ ገብቶ ጠዋት ሳይነሳ ቀረ! የፈመ ከሰል ጭስ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አለው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያስለቅስም። ከደማችን ጋር ለመያያዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይቀድማል። ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ሰውየውም የደከመው መስሎት ጋደም ይላል። በ1980ዎቹ የወጣው "ላቀች" የተባለው የከሰል ምድጃ ከሰል በመቆጠብ ብዙ ቤት ጠቅሟል፤ እሱም ቢሆን በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ለማደር አልተሠራም።

ነጭ ጋዝንም ሳላነሳው አላልፍም፤ ጣጣው የሚጀምረው ከስሙ ነውና። እኛ ላምባውንም "ጋዝ"፣ የሲሊንደሩንም "ጋዝ" እንላለን። አንደኛው በጀሪካን የሚቀዳ ፈሳሽ ነው፤ ሌላው ሲፈታ የማይታይ ነፋስ ነው። በላምባ ምድጃ ያደገች ልጅ "ጋዝ አውቃለሁ" ብትል እውነቷን ነው፤ የምታውቀው ግን ሌላውን ነው። በላምባው በኩል ዋናው አደጋ የጀሪካን ስህተት ነበር፤ ቤንዚን የተደባለቀበት ላምባ ምድጃውን ወደ ቦምብነት ይቀይረዋል። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሳ የላምባው ዋጋ ስለናረ ብዙ ድሃ ቤት ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ተመለሰ። እድገት ሁልጊዜ ወደፊት ነው ያለው ማነው?

አሁን ወደ እኔ ሲሊንደር ልመለስ። ቡታ ጋዝ ለረጅም ጊዜ የደህና ኑሮ ምልክት ነበር። ስሙን የወረስነው ከፈረንሳይ የንግድ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የአሰብ ማጣሪያ ከኤርትራ ነፃነት በኋላም ለእኛ ሲያጣራ ቆይቶ በ1997 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ከውጭ ተጭኖ የሚመጣውን ነው፤ ሲጠፋም ባዶ ሲሊንደር ይዞ ሰልፍ ነው። ሲሊንደሩ መጣ፣ ምድጃው መጣ። አብሮ ያልመጣው የዚህን እሳት ጠባይ የሚነግር አያት ነው። የእንጨትን እሳት አያቶቻችን ያውቁታል፤ ስለዚህኛው ግን እነሱም እኛን ነው የሚጠይቁት።

የዚህ ጋዝ ትልቁ ጠባይ ደግሞ ከጭስ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ጭስ ይወጣል፤ ይህ ይወርዳል። ቡቴን ከአየር በእጥፍ ያህል፣ ፕሮፔን አንድ ተኩል ያህል ይከብዳል። ሲያመልጥ እንደ ፈሰሰ ውኃ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አልጋ ሥር ይገባል፣ ደፍ ጋ ይጠራቀማል። እኔ የከፈትኩት መስኮት ከወለሉ ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ በእሱ የሚወጣ ነገር አልነበረም። አየሩ ውስጥ ከመቶ 2 ያህል ከደረሰ ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እንግዲህ የእኛን አገር ኑሮ አስቡት። ፈረንጅ ቆሞ ነው የሚያበስለው፤ የእኛ እሳት ግን ወለል ላይ ነው። ረከቦቱ ወለል ላይ፣ ጀበናው ወለል ላይ፣ የከሰሉ ፍም ወለል ላይ፣ ዕጣኑ ወለል ላይ። ሁለት ዘመን በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ፤ የጋዙ መተኛና የቡናው ፍም አንድ ቦታ ሆኑ።

ያ የሽንኩርት ሽታም የጋዙ የራሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ አንድ ትምህርት ቤት ሽታ በሌለው ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ነው ጋዝ እንዲሸት ማድረግ በሕግ የታዘዘው። መርካፕታን የሚባለው ጠረን ሆን ተብሎ ይጨመራል። የእነዚያ ልጆች ሞት ነው አቃቂ ድረስ መጥቶ እትዬን ደፍ ላይ ያቆማቸው። እኔ ግን "ግድ የለም ይግቡ" እያልኩ ነበር።

ሲሸት ምን ይደረጋል ለሚል፦ የሲሊንደሩን መዝጊያ መዝጋት፣ በሩን መክፈት፣ እሳት ካለ ማራቅ፣ መብራት አለማብራት፤ የበራውንም አለማጥፋት (ማብሪያው ራሱ ይፈነጥቃል)፤ ወጥቶ 939 መደወል፤ ስልኩም ውጭ ሆኖ ነው። የሚያፈሰውን ቦታ የሚፈልጉት በሳሙና አረፋ ነው። ክብሪት ጭሮ የሚፈልግ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ! ሲለኩሱም ክብሪቱ ይቀድማል፣ ጋዙ ይከተላል። ሽሮ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋ ሽሮውን ከመጥረግ በፊት ጋዙን መዝጋት ነው፤ እሳቱ ጠፋ ማለት ጋዙ ቆመ ማለት አይደለምና።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የድግስ ጋዝ ነው። ድሮ ለሠርግ ጉድጓድ ተምሶ በግንድ እንጨት ይበሰል ነበር፤ አሁን በየግቢው ሰፋፊ የጋዝ ምድጃ ተዘርግቶ ትልልቁ ድስት ይጣድበታል። እሳቱ ሲደክም ሲሊንደሩን አጋድሞ የሚያንከባልል፣ አልፎም የፈላ ውኃ ውስጥ የሚነክር ጎበዝ አይጠፋም። ሲሊንደር ሲጋደም ጋዙ በፈሳሽነቱ ወደ ጎማው ይመጣል፤ አንድ ሊትሩ ደግሞ ሲተን ወደ 250 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ነበልባሉ በአንዴ ድንኳኑን ይልሳል። ዝናብ ፈርተን ድንኳኑን በአራቱም ጎን ዘግተነው ከሆነ ደግሞ የማዳበሪያውን ኮርኒስ ታሪክ ደገምነው ማለት ነው። ጥብስ ላይም የሥጋው ስብ እየተንጠባጠበ እሳቱ ቡልቅ ሲል ውኃ የሚደፋ አለ፤ ስብ በውኃ አይጠፋም፣ ይረጫል። የእናቶቻችን አክንባሎ ይበልጣል፤ ከድኖ ጋዙን መዝጋት። ሌላም አለ፤ የጋዝ እሳት ችኩል ስለሆነ የዶሮውን ቆዳ አጥቁሮ አጥንቱ ጋ ጥሬ ይተዋል። እሳቱን ዝቅ አድርጎ መታገሥ ነው።

የእኔ ሲሊንደር አሁን ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ውጭ፣ በትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ጎማውም አዲስ ነው። ሰሞኑን ለእትዬ ስለ ካሉብ ጋዝ አወራኋቸው። ኦጋዴን ውስጥ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቆ ማምረት ጀምሯል አልኳቸው። ደግሞ ይህኛው ሚቴን ስለሆነ ከአየር ይቀላል፤ እንደ ጭሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው አልኩ።

እትዬ ከሰላቸውን እያራገቡ ትንሽ አሰቡ።

"ታዲያ ኮርኒሱን ልታፈርሰው ነው?" አሉኝ።