ሕንዶች ዕለትንና መልካም ጊዜን የሚለዩበት ሐሳብ

በሕንድ አገር ልጁን የሚድር አባት አስቀድሞ ፓንቻንግ የሚባለውን መጽሐፍ ያስገልጣል። ትርጓሜው በሳንስክሪት ቋንቋ «አምስት ክፍል ያለው» ማለት ነው፤ እነዚህም ቲቲ፥ ቫራ፥ ናክሻትራ፥ ዮጋና ካራና ይባላሉ። ቫራ ከፀሓይ መውጫ እስከ ፀሓይ መውጫ የሚቈጠረው የሳምንቱ ዕለት ነው። ናክሻትራ 27ቱ የጨረቃ ማደሪያዎች ናቸው። ዮጋ የፀሓይና የጨረቃ ሥፍራ ተደምሮ ይገኛል፤ ካራና የቲቲ እኩሌታ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ቲቲ ነው። የሰማይ ክበብ በ360 ቢከፈል፥ ጨረቃ ከፀሓይ 12 ክፍል በራቀች ቍጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል፤ 30ው ቲቲ አንድ የጨረቃ ወር ነው። ጨረቃ ግን አንድ ጊዜ ትፈጥናለች፥ አንድ ጊዜም ትዘገያለች፤ ስለዚህ የቲቲ ርዝመት ከ20 እስከ 27 ሰዓት ገደማ ይለዋወጣል። ዕለቱ የሚጠራው ፀሓይ ስትወጣ በተገኘው ቲቲ ነውና፥ በኹለት መውጫዎች መካከል ተጀምሮ የሚያልቀው ቲቲ ከቍጥር ይወድቃል፤ ኹለት መውጫ ያገኘውም ይደገማል። ከ5 ቀጥሎ 7 መባሉ ለእንግዳ ስሕተት ይመስለዋል፤ ሕንዳዊው ግን አይደነቅም።

ዐሥራ ኹለቱ የጨረቃ ወራት ከፀሓይ ዓመት 11 ቀን ያህል ማነሳቸው አበቅቴን ለተማረ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሕንዶች ጉድለቱን የሚሞሉት ፀሓይ ወደ ሌላ የኮከብ ቤት ሳትገባ ያለፈውን የጨረቃ ወር ትርፍ ወር በማድረግ ነው፤ በዚያ ወር ሰርግ አይደረግም።

ቀንና ሌሊቱን በ60 ጋቲ ይከፍላሉ። ይህም ከባሕረ ሐሳቡ ኬክሮስ ጋራ ልክ አንድ ነው፤ ጋቲም እንደ ኬክሮስ ደግሞ በ60 ይከፈላል። ኹለት ጋቲ አንድ ሙሁርታ ይኾናል፤ ቀትር ላይ ያለው አቢጂት የተባለው ሙሁርታ መልካም ነው ይላሉ። በደቡብ ሕንድ ደግሞ ቀኑን በ8 ከፍለው አንዱን የራሁ ጊዜ ይሉታል፤ ራሁ በግርዶሽ ፀሓይንና ጨረቃን ይውጣል የሚባለው ነው። ሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ስለ ኾነ፥ በዚያ ጊዜ አዲስ ሥራ አይጀምሩም። ሰዓቱ በሒሳብ መገኘቱ ርግጥ ነው፤ መልካምነቱና ክፋቱ ግን ከሒሳብ የሚወጣ አይደለም።

ጭንቁ የመጣው ከዓመቱ ርዝመት ነው። ሱርያ ሲድሃንታ የተባለው የጥንት መጽሐፍ የሰጠው ዓመት ከወቅቶች ዑደት አንድ ኬክሮስ ያህል ይረዝማል። አንድ ኬክሮስ ከምን ይቈጠራል? በ1,400 ዓመት ግን 23 ቀን ኾነ። ፀሓይ ወደ ሰሜን የምትመለሰው በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ሲኾን፥ የመመለሷ በዓል ማካር ሳንክራንቲ በጥር 6 ቀን ገደማ ይውላል።

በፈረንጅ ቍጥር በ1952 የሕንድ መንግሥት በሊቁ በመግናድ ሳሃ አለቃነት ጉባኤ አቆመ። ጉባኤውም 30 ልዩ ልዩ የቀን መቍጠሪያ በአገሩ እንደሚሠራበት አገኘ። በ1957 በመጋቢት ወር አንድ የመንግሥት አቈጣጠር ታወጀ፤ ዓመቱም በሻካ ቍጥር 1879 ተባለ። ሰርግ የሚቈርጠው አባት ግን ዛሬም ፓንቻንጉን ያስገልጣል። ከፓንቻንጎቹም አንዳንዶቹ በጥንቱ መጽሐፍ፥ ሌሎቹ በአዲሱ የሰማይ ምርመራ ስለሚሰሉ፥ በ11ኛው ቲቲ በሚጾመው በኤካዳሺ አንዱ ቤት ሲጾም ጎረቤቱ ይበላል።