ሰማዩን ማን ሸፈነብን?

በአነጋገራችን ውስጥ ከዋክብት ገና አልጠፉም። ባልና ሚስት ካልተስማሙ «ኮከባቸው አልገጠመም» እንላለን። በኳስ ሜዳ የላቀውን ተጫዋች «ኮከብ» ብለን እንሸልማለን፤ ሆቴሎቻችንንም በኮከብ ቁጥር እንመዝናቸዋለን። ይሁንና ደመና በሌለበት የጥር ሌሊት ከአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ቆሞ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው ስንት ኮከብ ይቆጥራል? የደመቁት ጥቂቶች ብቻ ይታዩታል፤ የቀሩት ሺዎች የሉም። ቃሉ ከእኛ ጋር ቀርቷል፤ ባለቤቱ ግን ከዐይናችን ርቋል። ለመሆኑ ሰማዩን ማን ሸፈነብን?

ለዚህ ጥያቄ ከዋና ከተማችን ይልቅ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የምሥራቁ አገር ነው። ጅጅጋና ከእርሷ በስተሰሜን ያለው የደምበል ምድር፣ ሰማይ ማየት የጨዋታ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ሆኖ የኖረበት አገር ነውና።

አስቀድሞ ቦታውን እንየው። ጅጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ይህ ቁጥር ለሰማይ ተመልካች ትልቅ ነገር ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ መሬቱን ሊነካ ደርሶ ይታያል። በግንቦት ምሽቶች ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት በስተደቡብ ይቆማሉ። የሎንዶን ሰው የደቡብ መስቀልን ከአገሩ ሆኖ አያየውም፤ የሲድኒ ሰውም የሰሜን ኮከብን አያውቀውም። በእኛ ሰማይ ግን ሁለቱም አሉ። ተፈጥሮ ለዚህ አገር ሕዝብ የሰማዩን መጽሐፍ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ገልጣ ሰጥታዋለች ማለት ነው።

የሶማሌ አርብቶ አደር ደግሞ ይህን መጽሐፍ አነበበው። ለእርሱ ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ጉ፣ ሐጋ፣ ደይር፣ ጂላል። ጉ የበልጉ ዝናብ ነው፤ ጂላል ረጅሙ ደረቅ ወራት ነው። በደምበልና በሽኒሌ በኩል ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጥለው ከረን የተባለው ዝናብ የከብቱና የግመሉ ተስፋ ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ፣ መንጋው መቼ ወደየት እንደሚነዳ መወሰን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። የግድግዳ መቁጠሪያ በሌለበት አገር፣ ቀኑን የሚቆጥርለት ሰማዩ ነው።

እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውን ሶማሌዎች ኡሩር ይሏቸዋል። እነዚህ ከዋክብት በግንቦት ወር ከፀሐይ ጋር ወጥተው ከፀሐይ ጋር ስለሚጠልቁ ከዐይን ይሰወራሉ፤ በሰኔ ጎሕ ሲቀድ በስተምሥራቅ ብቅ ይላሉ። እንዲህ ያለውን መሰወርና መገለጥ የያዘ ሰው የዓመቱን አካሄድ አይስትም። ምሽት ላይ ደምቃ የምትታየው ቬኑስም በሶማሊኛ ከምትጠራባቸው ስሞች አንዱ ትርጉሙ «ግልገል አሳሪ» እንደ ማለት ነው፤ እርስዋ ስትታይ ግልገሎቹ ወደ በረት የሚገቡበት ሰዓት ደርሷልና። በሥነ ፈለክ መጻሕፍት ፍኖተ ሐሊብ የምትባለው ነጭ መንገድ ደግሞ ዒርጄሕ ትባላለች፤ የሰማይ ቅዳጅ ማለት ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ውበት አለው። እኛ ዓመታችንን በአራቱ ወንጌላውያን ስም እየሰየምን ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እንደምንል ሁሉ፣ ሶማሌዎችም ዓመቱን የገባበትን የሳምንቱን ቀን ስም ሰጥተው ይጠሩታል። የዘመን መለወጫው በሐምሌ ማብቂያ ግድም የሚውል ሲሆን ዳብሺድ ይባላል፤ እሳት ማቀጣጠል ማለት ነው። እኛ በመስከረም ዋዜማ ችቦ እንደምናበራ፣ እነርሱም ዓመቱን በእሳት ይቀበላሉ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ለረጅም ዘመን የኖረው በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው። ሙሳ ሐጂ እስማኤል ገላል የተባለው የሶማሌ የቋንቋና የባህል ሊቅ የአርብቶ አደሩን የአየር ጠባይና የከዋክብት ዕውቀት ሰብስቦ በእንግሊዝኛ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። ሶማሊኛ በሶማልያ ይፋ የላቲን ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 መሆኑን ስናስብ፣ ከዋክብቱ ወረቀት ላይ የሰፈሩት ቋንቋው ራሱ ይፋ ፊደል ሳያገኝ ነበር ማለት ነው።

ሰማይ ማንበብ የአንድ ወገን ሀብት ብቻ አልነበረም። በደጋው መጽሐፈ ሄኖክ አለ። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍሉ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ይተነትናል፤ የመጽሐፉ ሙሉ ቅጂ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ ምዕራባውያን ሙሉውን አላነበቡትም። ባሕረ ሐሳብም በየዓመቱ በዓላትን እናወጣበታለን። በደቡብ የቦረና ሊቃውንት ጨረቃን ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር እያነጻጸሩ በዓመት 354 ቀን ይቆጥራሉ። የደብተራው ስሌት በብራና ተጽፎ ስለኖረ መብራት ቢበራም አይጠፋም። የአርብቶ አደሩ ዕውቀት ግን ብራናው ራሱ ሰማዩ ነው፤ ሰማዩ ሲሸፈን መጽሐፉ አብሮ ይዘጋል።

ወደ መብራቱ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ጅጅጋን በፕላን ካሠሩት ሰዎች ቀዳሚው ሩስያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ያኔ የተቀየሱት ቀጥ ያሉ መንገዶች ውለው አድረው የመብራት ምሰሶ መስመር ሆኑ። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ፎቁም፣ ሱቁም፣ አምፖሉም በዝቷል።

አምፖል ኮከብን የሚያጠፋው እንዴት ነው? ኮከቡስ እዚያው አለ። ነገር ግን ወደ ላይ የተለቀቀው ብርሃን በአየሩና በአቧራው ላይ ተበትኖ ሰማዩን ያነጣዋል፤ የደከመው የኮከብ ብርሃን በዚያ ንጣት ይዋጣል። በተለይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ አምፖል ከቢጫው ይልቅ አብዝቶ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር እንደሚኖር፣ ከሲሶ በላይ የሚሆነውም ፍኖተ ሐሊብን ከመኖሪያው ማየት እንደማይችል አስታውቋል።

የእኛን ሁኔታ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የእንጦጦው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተቋቋመ። በእርሱ ጥረት 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ጉብታው ከፍ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች፤ ክረምቱም ደመናውን ይጨምርበታል። ስለዚህ ለተሻለ ምልከታ የላሊበላ ተራሮች በዕቅድ ተይዘው ሲጠኑ ቆይተዋል። መሣሪያውን ባመጣንበት ዘመን ሰማዩ ከእጃችን መውጣት ጀመረ።

እንግዲህ መብራት ይጥፋ ልንል ነውን? አይደለም። በጨለማ ምጥ የያዛት እናት፣ በኩራዝ ጢስ የሚያጠና ተማሪ ባለበት አገር፣ ኮከብ ለማየት ሲባል አምፖል ይከልከል የሚል ሰው ጥጋበኛ ነው። የደምበል አርብቶ አደርም መብራት ይገባዋል። ይሁንና መብራት የሚያስፈልገው መንገዱን ለማሳየት ነው። ወደ ሰማይ የሚረጨው ብርሃን ለማንም አያሳይም፤ ገንዘብ ተከፍሎበት ይባክናል እንጂ።

ይህን ቀድመው የተረዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1930 ፕሉቶ የተገኘባት የአሜሪካዋ ፍላግስታፍ ከተማ ወደ ሰማይ የሚያበሩ መብራቶችን በሕግ መግታት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከተማዋ በጨለማ አልተዋጠችም። የመብራቶቿን አናት ሸፈነች፤ ፊታቸውን ወደ መሬት መለሰች። ከሌላው ብክለት ሁሉ ይህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተበከለ ወንዝ እስኪጠራ ዓመታት ይፈጃል፤ የተበከለ ሰማይ ግን መብራቱ ወደ መሬት በተመለሰበት ሌሊት ይጠራል።

በአንድ ሌሊት የማይመለሰው ሌላው ነው፤ ዕውቀቱ። ኡሩርን በስሙ የሚጠራ፣ የመሰወሪያውን ቀን የሚያውቅ አዛውንት ሲያልፍ፣ ሰማዩ ቢጠራም የሚያነበው አይኖርም። ስለዚህ «ሰማዩን ማን ሸፈነብን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አምፖሉ ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት የግሪኮችን የከዋክብት ስም ስንማር፣ የእረኛውን ስም እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረን ያልጠየቅነውም እኛ ነን።

ጅጅጋ እንደ አዲስ አበባ ገና አልገነነችም፤ ጊዜ አላት። ዛሬም የረመዳን መግቢያ ሲቃረብ ምዕራቡን የሚመለከት፣ ቀጭኗን ጨረቃ የሚፈልግ ዐይን በከተማዋ አለ። ያ ዐይን ጨረቃዋን ካየ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ጎንና ጎኗን ቢመለከት ምን ያያል? መልሱ ዛሬ በሚተከለው የመብራት ምሰሶ አናትና ዛሬ በሚጠየቁት አዛውንቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው።