ውድ ጃኬት መታጠብ ይፈራል?

ዛሬ ስለ ዝናብ ጃኬት ታሪክ ላውራችሁ። በፈረንጆቹ 1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር የጋለ የቴፍሎን ዘንግ ቀስ አድርጎ ሲስበው እየተበጠሰ አስቸገረው። ተበሳጭቶ በኃይል ቢጎትተው ግን ተለጠጠ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎችም ተሞላ። ጎርቴክስ የተወለደው ያኔ ነው፦ የላብ እንፋሎት ይወጣል፣ የዝናብ ጠብታ ግን አይገባም።

በ1970ዎቹ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጃኬቶች የሰውነት ቅባት ሲነካቸው ውሃ ያስገቡ ጀመር። ስለዚህ ቅባት የሚከላከል ስስ ሽፋን ተጨመረባቸው።

እኔ ከዚህ የምረዳው የጃኬቱ ጠላት እጥበት ሳይሆን እድፍ መሆኑን ነው። ወላጆቻችን ቆጥበው የገዙልንን ጃኬት "እንዳይበላሽ" ብሎ ሳያጥቡ መክረም አያድነውም። በፈሳሽ ሳሙና፣ ያለ ማለስለሻ እጠቡት፤ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። በውስጡ ያለው ምልክት ከፈቀደ በማድረቂያ ማሽን በዝቅተኛ ሙቀት አድርቁት፤ ያኔ ዝናቡ እንደገና ከላዩ ላይ ይንከባለላል።