ከኋላ ቆሞ የመራው ሰው

ጁላይ 2 ቀን 2002፣ ኢንዲያናፖሊስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የ75 ዓመቱ ሬይ ብራውን ቀን ላይ ጎልፍ ተጫውቶ፣ ከማታው የሙዚቃ ዝግጅት በፊት ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም አለ። በዚያው አሸለበ። ከሃምሳ ዓመት በላይ መድረክ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ የሞተውም መንገድ ላይ፣ ሥራው ላይ እያለ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ አልበም ወጥቶለት ነበር። ርእሱ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ከምርጥ ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ጊታሪስቶች ናቸው» የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህች አነጋገር የራሷ ታሪክ አላት። ዘረኛ ነህ የተባለ ሰው «ኧረ እኔ ከምርጥ ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ጥቁሮች ናቸው» እያለ የሚያመልጥባት ነች። እኛም ዘንድ የዚች ሐረግ እህት አትጠፋም። ብራውን ግን በዚህ ስም ተከታታይ አልበሞች ሠራባት፦ ለፒያኒስቶች፣ ለሳክስፎን ተጫዋቾች፣ ለድምፃውያን፣ ለመለከት ነፊዎች፣ በመጨረሻም ለጊታሪስቶች። በሱ አፍ ሐረጓ ማምለጫ አልነበረችም። ለምን እንዳልሆነች ለማየት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ብራውን በ1926 ፒትስበርግ ተወለደ። ልጅ ሳለ የተማረው ፒያኖ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ፒያኖ የሚጫወቱ ልጆች ሞልተውታል። ትሮምቦን ተመኘ፣ መግዣ አልነበረውም። ያለ ክፍያ የተገኘው የትምህርት ቤቱ ደብል ቤዝ ነበር። ሌላው የማይፈልገውን ያን ትልቅ ሣጥን ይዞ ገና 20 ሳይሞላው ኒውዮርክ ገባ፤ ወዲያው ከዲዚ ጊሌስፒ ጋር መጫወት ጀመረ። ከ1947 እስከ 1953 የኤላ ፊትዝጄራልድ ባል ነበር። በ1972 መጨረሻ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር ፒያኖና ቤዝ ብቻ ሆነው ቀረጹ። ኤሊንግተን በዓመቱ አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለው ሰው ነው።

ትልቁ ትምህርት ቤቱ ግን የካናዳዊው ፒያኒስት የኦስካር ፒተርሰን ትሪዮ ነበር። በ1953 ጊታሪስቱ ኸርብ ኤሊስ ተቀላቀላቸው። ኤሊስ ነጭ ነው፣ ያውም የቴክሳስ ልጅ። ሁለት ጥቁሮችና አንድ ነጭ በአንድ መኪና ደቡብን ሲዞሩ፣ የብዙ ግዛቶች ሕግ ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ይከለክል ነበር። አዘጋጃቸው ኖርማን ግራንዝ ተመልካች በቀለም ተለይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አናቀርብም ይል ነበር። በ1955 በሂዩስተን ይህን አቋሙን ሲያስከብር ፖሊሶች የመልበሻ ክፍሉን ሰብረው ገቡ። ኤላ ፊትዝጄራልድና ዲዚ ጊሌስፒ ዳይ ቁማር ሲጫወቱ ተገኙ ተብለው ታሰሩ።

ትሪዮው ድራም አልነበረውም። ኤሊስ የጊታሩን ክሮች አፍኖ እየመታ የከበሮ ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ጊዜውን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ የብራውን ቤዝ ነው። አንዱ ቢዘናጋ ሁሉም ይወድቃል። ኤሊስ በ1958 ሲለቅ ቦታውን የወሰደው ሌላ ጊታሪስት ሳይሆን ድራመር ነበር።

አሁን ወደ 2002ቱ አልበም እንመለስ። መሪው ቤዝ ነው። ፒያኖው ላይ ጄፍ ኪዘር፣ ድራሙ ላይ ካሪም ሪጊንስ አሉ፤ ሁለቱም ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። እንግዶቹ በየተራ ይመጣሉ፦ ኬኒ በረል፣ ራስል ማሎን፣ ጆን ፒዛሬሊ፣ ብሩስ ፎርማን፣ ስዊድናዊው ኡልፍ ዋኬኒየስ። ሰማንያ ዓመት የደረሰው ኸርብ ኤሊስም አለ።

የሚጫወቱት በአብዛኛው ስታንዳርድ የሚባሉትን፣ የጃዝ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸውን የቆዩ ዜማዎች ነው። የስታንዳርድ ጥቅሙ ይኸው ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ መንገዱን ስለሚያውቁ ሳይከራከሩ አብረው ይጓዛሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፒያኖም ጊታርም ኮርድ የሚይዙ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ከተናገሩ ድምፁ ይጨናነቃል። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ፒያኒስት አንድ እርምጃ ወደኋላ ማለት አለበት። ይህን ሥርዓት ያለ ንግግር የሚያስከብረው ቤዙ ነው። በየምቱ አንድ ኖታ፣ በአራት ምት አራት ኖታ እየረገጠ ይሄዳል። መሬቱ ካልተናወጠ እንግዳው እንደፈለገው ይሮጣል።

ይህ ስለ ሙዚቃ ብቻ አይመስለኝም። እኛ መሪ ስንል ዓይናችን የሚሄደው ከፊት ወደቆመውና ድምፁ ጎልቶ ወደሚሰማው ነው። ብራውን ስሙ ከሽፋኑ ላይ ቀድሞ የተጻፈ መሪ ሆኖ ሳለ ዜማውን ለእንግዳ ሰጥቶ ራሱ ጊዜ ይጠብቃል። ኤሊስ ደግሞ «ከምርጥ ጓደኞቼ አንዱ» የሚባለው ለወግ አይደለም፤ አብሮ መታየት ዋጋ በሚያስከፍልበት ዘመን አብሮ የተጓዘ ሰው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ስቱዲዮ የጠራው ያንን ሰው ነው።

አልበሙን ካገኛችሁት መጀመሪያ ጊታሩን አትከተሉ። ከሥር ያለውን ድምፅ ስሙ፤ እንግዳው ሲለወጥ እሱ ምን ያህል እንደሚለወጥ፣ ምኑን ደግሞ ፈጽሞ እንደማይለውጥ ልብ በሉ።